ረጃጅሞቹ ካልሲዎች

ሐጃ ሳሊሀ የልጅ ልጃቸውን ካልሲ አውልቀው እግሯን ሲያዩ ያሰሙት ጩኸት የኡም ኡዘይናን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ ነበር። የአምስት ዓመቷ ሀያት እግር ከጉልበቷ በታች እዚህም እዚያም በልዟል፤ ሰማያዊ አለው፣ ወይን ጠጅ አለው፣ ወደ ቢጫነት የዞረም አለ።

«ማን ነው የመታት?» አሉ። ዓይናቸው ግን ከጥያቄው ቀድሞ ዘሊኻ ላይ አርፏል።

ዘሊኻ ከወሎ ወደዚህ አረብ አገር መጥታ ሀያትን ከዳዴ ጀምሮ ያሳደገች የዚህ ቤት ሠራተኛ ናት። ለዓመታት የለመደችው አረብኛ በአንዴ ተሰነካከለባት።

«ወላሂ፣ ሐጃ፣ እጄን አንስቼባት አላውቅም።»

«ታዲያ የሶባው ምድጃ ቤቱን እያሞቀ እስከ ጭኗ የሚደርስ ካልሲ ለምን አለበስሻት? ያላጠፋ ሰው ምን ይደብቃል?»

መደበቁንስ ደብቃለች። ባደገችበት ቀዬ፣ ሳይወድቁ ሳይመቱ የሚበልዝ ገላ ጅን የቆነጠጠው ነው ይባላል፤ ለእናት ከተነገረ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ በየምሽቱ ፋቲሓ እየቀራች በወይራ ዘይት ታሸውና በካልሲ ትሸፍነዋለች። ባሸችው መጠን ሌላ ይወጣል። ኋላ ኋላ የገዛ እጇን መፍራት ጀምራ ነበር።

የልጅቷ እናት መዳም ሙና ፊቷ አመድ መስሏል። «ሆስፒታል እንሂድ» አለች። «ሐኪሙ ተመታለች ካለ ግን፣ ዘሊኻ፣ ከዚያው ወደ ፖሊስ ነው።»

እነሱ ካፖርታቸውን ሲደርቡ ዘሊኻ ኩሽና ገብታ ለሸሪፋ ደወለች። ሸሪፋ ጀበል አል-ሁሴን በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይታ በሰዓት እየተከፈላት የምታጸዳ ያገሯ ልጅ ናት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? በጓሮ በር ውጪና ታክሲ ያዢ! እኔ ጋ ፍራሽ አይጠፋም።»

«ከጠፋሁማ መትቻታለሁ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ንጽሕናሽን ለእስር ቤት ትኋን አስረጂያት!»

ሳሎን ውስጥ ሀያት «ዙዙ ካልመጣች አልሄድም!» እያለች ዘሊኻን በቁልምጫ ስሟ እየጠራች ታለቅሳለች። ዘሊኻ ስልኩን ዘጋች። «ያ ረብ፣ አንተ አይተሃል» አለችና ጫማዋን አጠለቀች።

የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ዘከሪያ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን በሀያት ክንድ ጠቅልላ ነፋችው። ስትፈታው፣ ጨርቁ የነበረበት ቦታ ሁሉ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ቀይ ነጠብጣብ ሞላው። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው አዩት። አፏን አስከፍተው የጉንጯንም ውስጥ አዩ። ከዚያ ወደ ሐጃ ዞሩ።

«ይኼንንስ ማን መታት? ነርሷ ናት?»

ሐጃ የልጅቷን ክንድ ይዘው ነጠብጣቡን ቀረብ ብለው አዩት።

የደም ውጤቱ ሲመጣ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት እጅግ አንሰው ተገኙ። ዶክተሩ በብርዱ ወራት ሳንባዋንም ጆሮዋንም እየደጋገመ እንደሚያማት ከእናቷ ሰሙ። ቀጥለውም ከባሏ ጋር ይዛመዱ እንደሆነ ሙናን ጠየቋት።

«ዑመር የአጎቴ ልጅ ነው።»

«ሰውነት ከመቅኒ ወታደር ያወጣል» አሉ ዶክተሩ። «ወታደሩ ሲሠለጥን ጠላት መለየትን ብቻ አይማርም፤ ወገኑን እንዳይወጋም ይፈተናል። ወገኑን የሚወጋው ይሰናበታል። የሀያት ወታደሮች ግን ትእዛዝ የሚቀባበሉበት መስመር፣ ዘመዳሞች ሲጋቡ አንዳንዴ እንደሚያጋጥመው፣ ከልደቷ ጀምሮ የተበላሸ ይመስለኛል። ሥልጠናውን በቅጡ ሳይጨርሱ ወጥተዋል። ጀርም ሲመጣ ይሰንፋሉ፤ የራሷን ደም አርጊ ሕዋሳት ደግሞ ጠላት መስለዋቸው ይፈጇቸዋል። ስንፍናውም ስሕተቱም ምንጩ አንድ ነው። በዘር ምርመራ እናረጋግጠዋለን።»

«ያጋባኋቸው እኔ ነኝ» አሉ ሐጃ ድምፃቸው ሰልሎ።

«ሐጃ፣ አንዷ ተከሳሽ ነጻ ስትወጣ ሌላ አይፈልጉ። የማንም ጥፋት አይደለም። ከጤነኞች ደም የተጣራ መከላከያ በደም ሥሯ እንሰጣታለን፤ ከጀርም ይጠብቃታል፣ ወታደሮቹንም ያበርዳቸዋል። ሕክምናው ረጅም ነው፤ ግን መንገዱን አግኝተነዋል።»

ዘሊኻ ከበሩ አጠገብ «ማሸቴስ፣ ዶክተር?» አለች።

«ማሸቱ ይቅር፤ ቆዳዋ አይችለውም። መደበቁም ይቅር። ያየሽውን ያየሽ ዕለት ተናገሪ።»

«ፋቲሓውስ?»

ዶክተሩ ፈገግ አሉ። «እሱን አታቋርጪ።»

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ የበለዘው እየቀለለ፣ ቢጫ እየሆነ ሄደ። ሐጃ መቀስ አንሥተው ረጃጅሞቹን ካልሲዎች ከቁርጭምጭሚት ላይ ቆረጧቸው። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ የመጀመሪያውን ካልሲ ግን ቆርጠው ለዘሊኻ ሰጧት፣ እንድታለብሳት።

ሸሪፋ ደወለች። «ፍራሹን ላንጥፍልሽ?»

«ራስሽ ተኚበት። ወንጀለኞቹ ተገኝተዋል።»

«እነማን ናቸው?»

«ከልጅቷ መቅኒ የወጡ ወታደሮች።»

«ዋይ! ጭንቅላትሽን መትተውሻል እንዴ?»

ዘሊኻ ሳቀች። ያ ሁሉ ፍርሃት በሳቅ ወጥቶላት እንባዋን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች።

«ዘሊኻ!» ሐጃ ከሳሎን ተጣሩ። «ነይ እስቲ እዪልኝ፣ ይኼኛው አዲስ ነው?»

ሁለቱም በመስኮቱ ብርሃን በትንሿ እግር ላይ ጎንበስ አሉ።

«የድሮው ነው፣ ሐጃ። እየጠፋ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጃ፤ ዘሊኻም አብራቸው ደገመችው።