ጎደሬ በመቅደሱ ጣሪያ ላይ

እህቴ ሶ-ቺን ባሏ ሞቶ ወደ እኔ ቤት ስትመጣ አትናገርም ነበር። ዲዳ አልሆነችም፤ የምትለው አጥታ ነው። እኔም ወሬ አላበዛም። እናም የነፋሱን ወራት በሙሉ ከነፋሱ በቀር ድምፅ በሌለበት ቤት ተቀመጥን።

ኋላ የወንድማችን ልጅ ወደ ታይፔ ሲዛወር በቀቀኑን ጥሎብን ሄደ። ግራጫ ነው፣ ጭራው ቀይ። ሶ-ቺን ለረጅም ጊዜ አየችውና «ተቀቅሎ የተላጠ ጎደሬ ይመስላል» አለች። በዚያው ስሙ ጎደሬ ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት በራፉ ላይ በርጩማዋን አድርጋ፣ ባሏም አባታችንም ከባሕር ያወጡት የነበረውን ዛጎል እየፈለፈለች ሥጋውን ወደ ሳፋ ስትጥል፣ ጎደሬ አጠገቧ ባለው እንጨት ላይ ይቆማል። እሷ ታወራለታለች። ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እኔ። ስለ እኔ የምትለው ሐሜት ነው። እኔ ከውስጥ ሆኜ መልስ እሰጣለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ቤቱ ቤት ሆነ።

ወፉ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን አስቤ አላውቅም ነበር፣ የባሕሯ እናት የምንላት የአምላካችን የማጹ ምስል በከተማችን እስከሚዞርበት ቀን ድረስ።

በዚያ ቀን ሁሉም ሰው በራፉ ላይ ጠረጴዛ ያወጣል፣ ፍራፍሬና ኬክ ይደረድራል፣ እናቲቱ እንድትባርከው በሩን ይከፍታል። እኛም ከፈትን። የጎደሬን የሽቦ ቤት ግን መዝጋቱን ሁለታችንም ዘነጋን። ወደብ አካባቢ አንዱ ርችት ሞከረ። ጎደሬ ከራሳችን በላይ አለፈና ከመንገዱ ማዶ ካለው መቅደስ ጣሪያ ላይ፣ ለጌጥ ከተሠራው የሸክላ ዘንዶ ጀርባ ገባ።

ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ስሙን ይጠራል። አንዱ ሙዝ ያሳያል፣ አንዱ ያፏጫል። ጎረቤታችን ሆክ-ሊም ረጅም ቀርከሃ ላይ መረብ አስሮ መጣ። የሰፈራችን ርችት ኃላፊ እሱ ነው፤ ከመቅደሱ ደጃፍ እስከ እኛ በር ቀዩን ርችት እንደ ምንጣፍ ዘርግቶታል። ቀርከሃው ከፍ ሲል ጎደሬ ከዘንዶው ጀርባ ወጥቶ ጣሪያው ጫፍ ላይ ቆመ።

ቀርከሃውን እንዲያወርድ ነገርኩት።

«ጋሽ ቲየን፣ ርችቱንም ተው እንዳትለኝ» አለ። «እናቲቱን በዝምታ አላስገባም።»

«ስለ ርችቱ ምን አልኩህ? ቀርከሃውን ነው ያልኩህ።»

አወረደ። ከበሮው ከታችኛው መንገድ ይሰማ ነበር። እዚያ በሽተኛውና ሽማግሌው በረከት ለማግኘት መሬት ላይ ይተኛል፣ የእናቲቱ ዙፋን በተሸካሚዎች ትከሻ ላይ ሆኖ ከላዩ ያልፋል። ስለዚህ ዙፋኑ እየቆመ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ይመጣል። መቅደሱ ጋ ሲደርስ ርችቱ ይለኮሳል፣ ወፉም ይነሣል። ነፋሱ ወደ ባሕር ይነፍስ ነበር። ከጣሪያው ወዲያ ደግሞ ባሕር ብቻ ነው።

ሶ-ቺን ትጮሃለች። ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል። እኔ ወፉን አየሁት። ላባውን በገላው ላይ ለጥፎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ በአንድ ዓይኑ ያያታል። በጮኸች ቁጥር ትንሽ ይርቃል። የሸሸው ርችቱን ነበር፤ አሁን የሚሸሸው እሷን ነው። ያን ድምፅ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም። እኔም ሰምቼ አላውቅም።

«ዝም በይ» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ዝም ብዬ አላየኸኝም? ዝም በይ የምትለኝ አንተ ነህ?»

ቤት ገብቼ በርጩማዋን፣ ቢላዋዋን፣ ከጠዋቱ የተረፈውን ዛጎልና ሳፋውን ይዤ ወጣሁ። መቅደሱ ደረጃ ሥር አስቀመጥኩላት። ሰው ሳቀ። ሆክ-ሊም ሴትዮዋን በበዓል ቀንም አያሳርፋትም ብሎ አሾፈብኝ። እሷ አልሳቀችም። ገብቷታል። ተቀመጠች።

የመጀመሪያውን ዛጎል አበላሸችው። ከዚያ እጇ የለመደውን ያዘ። እኔ ከኋላዋ ደረጃው ላይ፣ ቤት ውስጥ እንደምቀመጠው ፊቴን አዙሬ ተቀመጥኩ። የምትለው ጠፋት። መጀመር የኔ ፈንታ ሆነ።

«ዛጎሉ ዘንድሮ ከስቷል» አልኩ።

ቢላዋው ቆመ። ደግሞ ቀጠለ።

«የሚከሳው አንተ የምትገዛው ነው» አለች። «ሻጯ ሳቅ ካለችልህ ሚዛኑን መች ታያለህ?»

«ሳቅ አላለችም።»

«ሰማኸው፣ ጎደሬ?» ቀና አላለችም። «በዚህ ዕድሜው አልሳቀችም ይለኛል። የወርቅ ጥርሷ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቀው፣ ይነግርሃል።»

«በግራ ነው» አልኩ።

«ይኸው!»

ሙዝ ያሳይ የነበረው እጁን አወረደ። ድምፅዋ ተመልሶ ነበር፤ ዝቅ ያለው፣ የሚጎተተው፣ የጠዋቱ ንትርክ ድምፅ። የሻጯን ባል አነሣች፣ የተበሳውን ጀልባውን አነሣች፣ የኔን ማንኮራፋት አነሣች። ስለ ማንኮራፋቱ ተከራከርኩ። በዚያን ቀን ከወትሮዬ በላይ ተናግሬአለሁ። ጣሪያው ላይ ጎደሬ ላባውን አራገፈና ነፋ አለ። ቀጥሎ ቢላዋ ዛጎል ሲከፍት የሚሰማውን ጠቅታ በአፉ አደረገው። እሷም ሳታቋርጥ በቢላዋዋ መለሰችለት።

ከጣሪያው ፋኖሶቹ ወደተንጠለጠሉበት ገመድ ወረደ። ከገመዱ ደረጃው ዳር ወዳለው የድንጋይ አንበሳ። አንበሳው ላይ ቆይቶ አንገቱን አከከ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከበሮው መንገዱ ጥግ ደርሷል፤ እሷ ግን ንግግሯን አላፈጠነችም። ስለ ማንኮራፋቴ የጀመረችውን ሳትጨርስ ጎደሬ ጉልበቷ ላይ አረፈ።

ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እያወራች፣ ሹራቧ ውስጥ አስገባችው። እያወራች ተነሣች። እያወራች መንገዱን ተሻገረች። ሆክ-ሊም የሚለኩስበትን ጭራሮ ይዞ፣ ተሸካሚዎቹ እየጮኹበት፣ በራችን እስኪዘጋ ጠበቀ።

ከዚያ ለኮሰው።

ከጠረጴዛችን ኋላ ብቻዬን ቆሜ ዙፋኑ ሲያልፍ ሰገድኩ። ጭሱ ሲሳሳ በመስኮቱ አየኋቸው። ሶ-ቺን ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጎደሬ ከሹራቧ ራሱን ብቻ አውጥቶ ጉሮሮዋ ላይ ተደግፏል። አፏ ይንቀሳቀሳል። በዚያ ፍንዳታ የምትለውን እኔ አልሰማሁም፤ እሱም በጆሮው የሰማ አይመስለኝም። ዓይኑ ግን ቀስ እያለ ይከደን ነበር። ርችቱ ገና አላለቀም፣ እሷም አላቆመችም።