«የለም» አይባልም

ቀኝ ዓይኔ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጭጋግ ለብሶ ቀረ። ግራው ግን ደህና ነው፤ በማይክሮስኮፕ ለማየት ደግሞ አንድ ዓይን ይበቃል። ይህን ለአዲሱ የላቦራቶሪ ኃላፊያችን ብነግረው ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል። ሲያናግረኝ አንቱታውን አያጓድልም፣ ግን በዚያው ጨዋ አፉ ከወንበሬ ሊያስነሳኝ ቆርጦ ተነስቷል። «ካርድ ክፍል ቢሄዱ ያርፋሉ» ይለኛል። ማን ደከመኝ አለው?

ያን ቀን ጠዋትም በዚሁ ስንጨቃጨቅ ቆይተን ደሜ እንደፈላ ሥራ ጀመርኩ። በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ሹራብ ደራርባ ትንቀጠቀጣለች። ትኩሳቱ መጣ ሄደ ሲላት ሰንብቷል፣ ምንነቱን የነገራት ግን የለም። ደሟን የመስታወት ስላይድ ላይ ቀባሁ፣ አደረቅኩ፣ ቀለም አፈሰስኩበት፣ አጠብኩት፣ ዘይት ጠብ አድርጌ አየሁት። «ወባ አለ» ብዬ ጻፍኩ።

እኛ ዘንድ አንዱን ስላይድ ሁለት ሰው ያየዋል። ሁለተኛዋ አንባቢ የገዛ ልጄ ናት፤ ዘንድሮ ነው እዚህ የተመደበችው። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የቀለም ዝቃጭ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ቀስ ብትልም ኃላፊው ሰማ። እንዲህ ላለው ነገር ጆሮው አይጣል ነው። መልሼ አየሁት። የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ሳዞር ወባ ያልኳቸው ነጠብጣቦች ከደሙ በላይ ተንሳፍፈው ቀሩ፤ እነሱ ሲጠሩ ደሙ ይደበዝዛል፣ ደሙ ሲጠራ እነሱ ይደበዝዛሉ። በንትርኩ መሀል ቀለሙን ሳላጣራ ተጠቅሜያለሁ። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዝቃጭ ነው።»

«እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» አለ ኃላፊው። «ወንበሩን ለልጅዎ ይልቀቁላት።»

ዞር ስል ልጄ የጻፈችውን አየሁ። «ወባ የለም» ይላል። እፍረቴ ባንዴ ንዴት ሆነ።

«ማነው የለም ብለሽ ጻፊ ያለሽ? አልታየም ነው የሚባለው! አንዲት ጠብታ አይተሽ ስለ ሴትዮዋ ደም ሁሉ ትመሰክሪያለሽ? አልታየም ስትያት ተመልሳ ትመጣለች። የለም ካልሻት ግን ቤቷ ገብታ ትተኛለች፣ በዚያው ትቀራለች!»

«እማዬ፣ ሰው ፊት…»

«እኔስ ሰው ፊት አይደል የተሳሳትኩት? አንቺም ሰው ፊት ታረሚ።»

ኃላፊው ጉዳዩ አልቋል አለ። አላለቀም አልኩት። ልብስ ሰፊዋን ደግፌ አስገባሁና ጣቷን ወጋሁ። ብዙ ደም ባንዴ እንዲታይ ጠብታውን በሌላ ስላይድ ጥግ እያዞርኩ ወፈር አድርጌ ዘረጋሁት። ወፍራሙን ደም ችኩል ሰው እሳት አስጠግቶ ያበላሸዋል፤ እኔ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ጠበቅኩት። ቀለሙንም በማጣሪያ ወረቀት አጣራሁ። ኃላፊው እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ካርድ ክፍል እየጠበቁዎት ነው።»

«ይጠብቁ።»

ሥራው ሲያልቅ ስላይዱን ለልጄ ሰጠኋት። የተጠረጠረው የእኔ ዓይን ስለሆነ፣ ፈጠረችው ተብዬ መታማት አልፈለግኩም። አየች፣ አንሸራተተች፣ አየች። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ።

«አለ» አለች በመጨረሻ።

ደስ አለኝ። ሴትዮዋ መድኃኒቷን ይዛ ልትሄድ ነው።

«በጣም ጥሩ» አለ ኃላፊው። «ያገኘችው ግን እሷ ናት። እርስዎ አይደሉም።»

በገዛ እጄ ወንበሬን ማስረከቤ ነው? ልጄ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ስላይዱን ከማይክሮስኮፑ ነቅላ አወጣችና መልሳ አስገባችው። ያገኘችበት ቦታ ጠፋ ማለት ነው።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። «ራስሽ ፈልጊው። ካጣሽው ካርድ ክፍል የማደርስሽ እኔ ነኝ።»

አላባበለችኝም፤ ኮራሁባት። ተቀመጥኩ። ፈራሁ፣ ምን ይዋሻል። ስፈልግ ስፈልግ ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ፣ ኃላፊው ከኋላዬ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከዚያ አንዲት ደማቅ ወይን ጠጅ ነጥብ አየሁ፣ አጠገቧ እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ ቀለበት። ማስተካከያውን አዞርኩት፤ አጠገቧ ካለው ነጭ የደም ሕዋስ ጋር አብራ ጠራች፣ አብራ ደበዘዘች። ይቺ ዝቃጭ አይደለችም።

«ይኸውልህ» አልኩት።

«እስቲ ይነሱና ልየው።»

«ማየት ከፈለግክ ጎንበስ በል። እኔ አልነሳም።»

አንገቴን ብቻ ወደ ጎን ዘንበል አደረግኩለት። ኃላፊው ልጄን አያት፤ እሷም ንቅንቅ አላለችም። ክራባቱን በእጁ ሰብስቦ ጎንበስ አለ።