የከረመ ባቄላ

በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ሰርኬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የጣደችው ባቄላ ስድስት ሰዓት ሲሆንም አልበሰለም። በጭልፋ አንዲት ፍሬ አወጣች፣ እፍ እፍ አለችባት፣ በፊት ጥርሷ ነከስ አደረገቻት። ጠጠር ናት። ፍሬዋን እሳቱ ውስጥ ወረወረቻትና የድስቱን ክዳን በኃይል ገጠመችው።

«ኧረ ቀስ! ድስቱ ምን አደረገሽ?» አሉ እትዬ ዋጋነሽ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ከተቀመጡበት ዱካ ሳይነሱ። «በየደቂቃው እየከፈትሽ ብርድ ታስገቢበታለሽ። እንዴት አድርጎ ይብሰል?»

ሰርኬ ማገዶውን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገች። አፏን ብትከፍት የሚወጣው ቃል በሰሙነ ሕማማት የሚነገር እንዳልሆነ ታውቀዋለች።

እትዬ ዋጋነሽ የባሏ የፈቀደ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ ፈቀደ ገና ድክ ድክ የሚል ስለነበር አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ፈቀደ ዘንድ የእሳቸው ቃል አይሻርም። ሰርኬ በትዳር በቆየችባቸው አሥር ዓመታት እትዬ ዋጋነሽ ኮልፌ የመጡት አራት ጊዜ ነው። በመጡ ቁጥር ሰርኬ አውቃለሁ ብላ የምታስበውን አንድ ነገር እንደማታውቅ ነግረዋት ይመለሳሉ። አንዴ ወጥ መሥራት፣ አንዴ ልጅ ማዘል፣ አንዴ ቡና መቁላት፣ አንዴ ደግሞ አልጋ ማንጠፍ። ያሁኑ አምስተኛቸው ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከወሊሶ አውቶቡስ ወርደው፣ አንድ ጆንያ ባቄላ ተሸካሚ አሸክመው ከች አሉ። ሌላም ዕቃ ነበራቸው፤ ጥቅልል ልብስ፣ ሰፌድ፣ ከነዘነዘናው ሙቀጫ። ሰርኬ ሙቀጫውን አይታ ገርሟት ነበር፤ ግን እሳቸውን ምን ተብሎ ይጠየቃል? ደግሞ የሕማማት ሳምንት ስለሆነ መሳሳምም የለም፤ ከሩቅ እጅ ነስታ አስገባቻቸው።

«ለጉልባን ይሆናችኋል» አሉ ጆንያውን በእግራቸው ነካ አድርገው። «የገዛ እጃችን ምርት ነው።»

ልብስ ሰፊው ፈቀደ ማታ ከሱቁ ሲመለስ ጆንያውን አይቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሰርኬ፣ አንቺ እኮ ይሄን ባቄላ ቀምሰሽ አታውቂም! ውሃ ገና ሲነካው ነው የሚፈርሰው!» አላት። በነጋታውም የነፍስ አባታቸውንና ሁለት ማኅበርተኞቹን ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ጠርቶ ተመለሰ። ሰርኬን አላማከረም። እህቱን ግን አማክሯል።

ሰርኬ ባቄላውን ወፍጮ ቤት ወስዳ ለማስከካት ተነሳች። እሷ በየዓመቱ ጉልባን የምትሠራው በክክ ነው፤ ገለባው ይነፋል፣ ቶሎም ይበስላል። እትዬ ዋጋነሽ ግን ዓይናቸውን አፈጠጡ።

«ክክ? የከተማ ሰው ጥርሱን ምን ነካው? ጉልባን ድፍን በድፍኑ ነው!»

ስለዚህ ድፍኑ ተዘፈዘፈ። ሐሙስ ጠዋት ሰርኬ መዘፍዘፊያውን ስትገልጥ ፍሬው ሌሊቱን አብጦ ማደር ሲገባው ገሚሱ እንደተጨማደደ ተኝቷል። ያኔ ነበር መንቃት የነበረባት። ግን ጣደችው።

አራት ሰዓት ላይ እትዬ ዋጋነሽ ከዱካቸው አንገታቸውን አሰገጉና፣ «በቃ ደርሷል። ስንዴውን ጨምሪበት፣ ጨውም ጣል አድርጊበት» አሉ። አልደረሰም ነበር። ሰርኬ ግን ከክርክሩ ድካሙ ይሻላል ብላ ጨመረች። ስንዴው በሰዓቱ ፈነዳ፣ ከዚያም ላመ፣ ከዚያም ከድስቱ ቂጥ እየተያዘ ማረር ጀመረ። ባቄላው በሟሟው ስንዴ መሃል እንደ ወንዝ ድንጋይ ይንከባለላል። እሷም አንዴ ታማስላለች፣ አንዴ የፈላ ውሃ ትጨምራለች። ሁለት ጊዜ ቦኖ ሄዳ ተሰልፋ ቀድታለች። ለፋሲካ ዶሮ ያስቀመጠችው ማገዶ ሳይቀር ተማግዷል።

«ውሃው ነው» አሉ እትዬ ዋጋነሽ። «የቧንቧ ውሃ ለንፍሮ አይሆንም። የኛ የምንጭ ውሃ ቢሆን ይሄኔ ተበልቶ አልቆ ነበር።»

ትንሽ ቆዩና፣ «ማገዶውም ነው። ባሕር ዛፍ ነበልባሉ እንጂ ፍሙ የት አለ?»

ደግሞ ቆይተው፣ «ከሁሉም ከሁሉም ድስቱ! የሸክላ ድስት የለሽም እንዴ?»

ጥፋት ያልተገኘበት ባቄላው ብቻ ነበር። ሰርኬ ጭልፋውን አስቀመጠች። ከጆንያው ጥቂት ጥሬ ባቄላ ዘግና፣ በእርጥብ እጇ ላብ ይሁን እንፋሎት ያልለየለትን ግንባሯን እየጠረገች፣ «መጣሁ» ብላ ወጣች።

የሄደችው ጎረቤቷ ዘሀራ ዘንድ ነው። የዘሀራ ባል ከሊፋ ኮልፌ ገበያ እህል ነጋዴ ነው፤ ዘሀራ ራሷም ያደገችው በአባቷ እህል መደብር፣ ጆንያ ለጆንያ እየተሯሯጠች ነው። ሰርኬ ስትገባ ሳፋ ላይ ልብስ እያጠበች ነበር።

«ምነው ፊትሽ? ሰው ታመመ?»

«ባቄላ እምቢ አለኝ፣ ዘሀራዬ! ከጠዋት ጀምሮ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነፍስ አባታችን ይመጣሉ፣ እኔ ድንጋይ እቀቅላለሁ!»

«ጨው ጨምረሻል?»

«አራት ሰዓት ላይ።»

«ያ አላህ! ሳይበስል? ማነው ጨምሪ ያለሽ?»

ሰርኬ በአገጯ ወደ አጥሩ ማዶ አመለከተች። ዘሀራ ገባት። እጇን በቀሚሷ አደራረቀችና ከሰርኬ መዳፍ አንድ ፍሬ አንስታ ወደ ብርሃን አቀናችው። በጥፍሯ ፋቀችው፣ አሸተተችው፣ ለመስበር ነክሳው አልሰበር ሲላት ተፋችው።

«ሰርኬ፣ ይሄን ያህል ሲጠቁር አታይም? ይሄ እንኳን የዘንድሮ የአምናም አይደለም። የከረመ ነው። ሦስት ክረምት ሳያልፍበት አይቀርም። ከሊፋ እንዲህ ያለውን ቢያመጡለት ከነጆንያው ነው የሚመልሰው።»

«የገዛ እጃችን ምርት ነው ብለውኛል እኮ!»

«የእጃቸው ሊሆን ይችላል። የመቼ እጃቸው እንደሆነ ነው እንጂ ጥያቄው።» ዘሀራ ወደ ጓዳ ገብታ በወረቀት የተጠቀለለች ቁንጥር ቢካርቦናት ይዛ ተመለሰች። «ይቺን ሞክሪበት፣ ታለሰልሰዋለች። ጨው ከነካው በኋላ ግን ብዙም ተስፋ አታድርጊ። እምቢ ካለሽ አውጥተሽ ውቀጪውና መልሰሽ አፍይው። ሌላ መላ የለውም።»

ሰርኬ ስትመለስ እትዬ ዋጋነሽ በመጨረሻ ከዱካቸው ተነስተዋል። የድስቱን ክዳን ከፍተው፣ በጣሳ ከእንስራው የቀዱትን ቀዝቃዛ ውሃ እያንቆረቆሩበት ነው።

«እትዬ! ቀዝቃዛ ውሃ!»

«ደርቆብሽ ነበራ! ጥለሽው ሄድሽ።»

እዚያ ላይ የሰርኬ ትዕግሥት አለቀ። ጣሳውን ከእጃቸው ተቀበለች፤ ነጠቀች ቢባልም ውሸት አይደለም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ባቄላ የመቼ ነው?»

«ባቄላ ባቄላ ነው። የመቼ ብሎ ጥያቄ ምንድን ነው?»

«ዘሀራ አይታዋለች። ሦስት ክረምት ያለፈው ነው ትላለች። ውሃውም፣ ማገዶውም፣ ድስቱም ጥፋት የለባቸውም። እኔም የለብኝም!»

የመጨረሻዋን ቃል ጮክ ብላ ነበር የተናገረችው። ስድብ ትጠብቅ ነበር። እትዬ ዋጋነሽ ግን ተመልሰው ዱካቸው ላይ ተቀመጡና የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ማፍተልተል ጀመሩ።

«ልጅቱ እውነቷን ነው» አሉ። «ባለቤቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ አይደል? እሱ ለመጨረሻ ጊዜ የዘራው ነው። ገሚሱ ለተዝካሩ ሆነ፣ ይሄን ለዘር አስቀመጥኩት። ባለርስቱ ‹አሁን ባልሽም የለ፣ መሬቱ ይረፍ፣ ለከርሞ ታርሺዋለሽ› አለኝ። ከርሞ ሲደርስ ደግሞ ለከርሞ አለ። ዘንድሮ ትራክተር አመጣ። ጎጆዬ የቆመችበት ቦታ ሳይቀር ታረሰ።»

ሰርኬ ጣሳውን መሬት አስቀመጠች።

«መዝሪያ ከሌለ ዘር ምን ያደርጋል?» አሉ እትዬ ዋጋነሽ። «ይበላ ብዬ ነው ያመጣሁት። አይበስልም ብዬ አላሰብኩም። የኛ ባቄላ እንዲህ አልነበረም።»

ሰርኬ ያን ጊዜ ጥግ የተቀመጠውን ሙቀጫ አየችው። ለበዓል እንግድነት ሙቀጫ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው የለም።

«ሊጠይቁን ብቻ አይደለም የመጡት።»

«አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ልነግራችሁ ነበር። በዓሉን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ።»

ሰርኬ አዘነች፤ ከልቧ አዘነች። ደግሞም ተናደደች። አንድ ክፍል ከጓዳ ጋር ያለው ቤታቸው፣ ሦስቱ ልጆች፣ የፈቀደ የቤት ስፌት መኪና፣ አሁን ደግሞ እትዬ ዋጋነሽ። ለሳምንት አይደለም፣ ለዕድሜ ልክ! ማቀፍ ይገባ ነበር፤ ግን ሕማማት ነው፣ አይሳሳሙም። ሰርኬ ለዚህ ሥርዓት በልቧ ምስጋና አቀረበች፤ በዚያች ሰዓት ብታቅፋቸው ማነቅ ይሆንባት ነበርና።

«ታዲያ ይሄን ማክሰኞ አይነግሩኝም ነበር?» አለች በመጨረሻ። «የከረመ እንደሆነ ባውቅ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስከካው ነበር! የፋሲካ ማገዶዬ እኮ አለቀ፣ እትዬ!»

ብላ ሳትጨርስ አፈረች። መሬቱን ያጣ ሰው ፊት ስለ ማገዶ ታወራለች። እትዬ ዋጋነሽ ግን ቅር ያላቸው አይመስሉም፤ እንዲያውም ከማዘኗ ይልቅ መቆጣቷ የቀለላቸው ይመስል ቀና አሉ።

«ምን ይሻላል?»

«ሙቀጫዎን ያቅርቡልኝ።»

ባቄላውን ከነስንዴው አጥልላ፣ እፍኝ በእፍኝ ሙቀጫ ውስጥ እየጨመረች ትወቅጥ ጀመር። አሥር ጊዜ እንኳን ሳትመታ እትዬ ዋጋነሽ ዘነዘናውን ያዙት።

«እንዲህ አይደለም። ክንድሽን ነው የምትጥይው፣ ወገብሽን አይደለም። አምጪ።»

ሰጠቻቸው። እሳቸው በስድሳ ዓመታቸው ሲወቅጡ ማድ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያልደቀቀ ፍሬ ሁሉ እየተስፈነጠረ ይወጣል፤ አንዷ የሰርኬን ግንባር መታቻት። ሰርኬ የተወቀጠውን ወደ ድስቱ ትመልሳለች፣ ቢካርቦናቱን በትና ታማስላለች። እትዬ ዋጋነሽ ቢካርቦናቱን ሲያዩ «ይሄ ደግሞ የምን መድኃኒት ነው?» ብለው ጀመሩ። «አይጠይቁኝ» አለቻቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቁም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ፈቀደ የነፍስ አባታቸውንና ማኅበርተኞቹን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ገባ። ሰርኬ በሳህን አቀረበች። ፈቀደ አጎንብሶ አየው።

«ጉልባኑ የታለ?»

«ይኸው።»

«ይሄ ገንፎ አይደለም እንዴ?»

ሰርኬ ባሏን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። ሳህኑን ወደ እንግዶቹ ገፋ አደረገው። የነፍስ አባታቸው ባርከው ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ለካ ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል።

«እኔ ጉልባን ስውጥ እንጂ ሳኝክ አልኖርኩም» አሉ። «ዛሬ ገና አንድ ሰው አሰበልኝ። የማን ሙያ ነው?»

ሰርኬ አፏን ስትከፍት ፈቀደ ቀደማት። «የእህቴ ባቄላ ነው፣ አባቴ! ከወሊሶ ድረስ አምጥተውልኝ! ውሃ ገና ሲነካው ነው የሚፈርሰው!» ማኅበርተኞቹም እትዬ ዋጋነሽን አመሰገኑ። እትዬ ዋጋነሽ ወደ ሰርኬ አዩና ምስጋናውን ተቀበሉ። ምን ያድርጉ፣ ያንን ሁሉ ወቅጠዋል።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ዋጋነሽ ራሳቸው ለወንድማቸው ነገሩት። ፈቀደ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ደጅ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ሰርኬን ጓዳ ጠራትና በሹክሹክታ፣ «የት ይተኛሉ?» አላት።

«የስፌት መኪናህ ባለበት። ወደ በሩ ግፋው።»

«እዚያ እኮ ብርሃን የለም፣ መርፌውን እንዴት...»

«ግፋው አልኩህ ፈቀደ።»

ገፋው።

በነጋታው ስቅለት ነው። ሰርኬ በማለዳ ተነስታ ውሃ ልትቀዳ ማድ ቤት ስትገባ ሌላ ሰው ቤት የገባች መሰላት። ድስቱ የነበረበት ቦታ እንስራው ቆሟል፤ የበርበሬው ቅል መደርደሪያው ጫፍ ላይ ወጥቷል፤ ቅመሞቹ በየት እንደገቡ አይታወቅም። እትዬ ዋጋነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ተጣጥበው፣ ዝግጁ ሆነው ቆመዋል።

«አቀማመጡ ለእጅ አይመችም ነበር» አሉ። «አሁን ይሻላል።»

ሰርኬ አፏን ከፈተች። የስቅለት ቀን መሆኑን አሰበች። ዘጋችው። ከዚያ ግን አልቻለችም።

«ጨዉን የት አደረጉት?»

«ዛሬ እስከ ማታ እህል አይቀመስ፣ ጨው ምን ያደርግልሻል? ነይ፣ ስግደቱ ሳይጀመር እንድረስ።»

ሰርኬ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻቸው። ገና አጥሩን ሳያልፉ እትዬ ዋጋነሽ ቆም አሉና፣ «እንዲህ አይጣፋም» ብለው የነጠላዋን ጫፍ ከትከሻዋ አወረዱት።