ሁለት ሳሪ ለአንድ ቀን

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይህን የሚያውቀው ኒሩፓም ግን ያን ዕለት ማለዳ በራናጋት ባቡር ጣቢያ ሁለት ሳሪ፣ ሴቶች የሚጠመጠሙትን ረጅም ልብስ፣ በአንድ ከረጢት ይዞ ቆሟል። አንዱ ሳሪ ለአማቱ ነው። ሌላውም ለአማቱ ነው።

ቀኑ የአማች ቀን ነበር። ማንጎ በሚበስልበት፣ ሰው በቁሙ በሚቀልጥበት በዚያ ሙቀት፣ አማች ለአንድ ቀን ይነግሣል። አማት ውኃ ሳትቀምስ ትጠብቀዋለች፤ በእርድ የተነከረ ቢጫ ክር እጁ ላይ ታስርለታለች፤ ከዚያ በቃኝ ቢልም ባይልም ታበላዋለች። አንድ አማት ላለው ሰው ይህ ደስታ ነው። የኒሩፓም ጣጣ ግን አማቶቹ ሁለት መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያ ሚስቱ ሼፋሊ በትኩሳት ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እናቷ ካናክላታ ሻንቲፑር ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ቀድሞ ሞቷል፤ ከሼፋሊ ሌላም አልወለደች። ሼፋሊ በሞተች ዓመት የአማች ቀን ሲደርስ ኒሩፓም «ዛሬ እንኳ ብቻዋን አትዋል» ብሎ ሄደላት። በዓመቱም ጠራችው፤ ሄደ። ዘንድሮም ጠራችው። ዘንድሮ ግን ቱሊካን አግብቷል። የቱሊካ እናት ደግሞ በክሪሽናናጋር ለአዲሱ አማቿ የመጀመሪያውን ግብዣ አሰናድታ ትጠብቃለች።

ቱሊካ ከሁለት ቀን በፊት ወደ እናቷ ስትሄድ «እኩለ ቀን ላይ እንድትደርስ፤ እናቴን በጾም እንዳትገድልብኝ» ብላዋለች።

«ጠዋት ሰዓቱን የሚወስድ ደንበኛ አለብኝ፤ እሱን ሸኝቼ ከተፍ እላለሁ።»

«የሰዓት ጠጋኝ ሆነህ በሰዓቱ የደረስክበትን ቀን አሳየኝ እስቲ!»

ደንበኛ የሚባል አልነበረም። ሐሳቡ በጠዋት ሻንቲፑር ሄዶ ለካናክላታ ቁርጡን መንገር ነው። «እማማ፣ ከእንግዲህ...» እያለ በባቡሩ ውስጥ ለብቻው ተለማመደ። ከ«ከእንግዲህ» በኋላ ያለው ቃል ግን አልመጣለት አለ።

ሻንቲፑር ወርዶ የካናክላታ ግቢ በር ላይ ሲደርስ ጎረቤቷ ማላቲ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«ኧረ አማቹ መጣ! እኔማ ዘንድሮ ቀረ ብዬ ነበር። አዲሷ ሚስት ገመድህን ረዘም አድርጋ ነው እንዴ ያሰረችህ?»

ኒሩፓም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ካናክላታ የመበለት ነጭ ሳሪዋን ለብሳ ምንጣፉን አንጥፋ ነበር። አስቀመጠችው። የዘንባባ ማራገቢያውን ውኃ ውስጥ ነክራ አራገበችለት፤ ጠብታው ፊቱ ላይ አረፈ። ክሩን ታስርለት ጀመር። መሀል ላይ ቀና ብላ በሩን አየች። እሱም ዞሮ አየ፤ ማንም የለም።

ምግቡ መጣ። በሰናፍጭ የተሠራ ዓሣ፣ ጥብስ አትክልት፣ የማንጎ ማባያ፣ ጣፋጭ እርጎ።

«ጨው በቅቶታል? እኔ እንደሆነ ከባሌ ሞት ወዲህ ዓሣ አልቀምስም፤ በአፍንጫዬ ነው የምመጥነው።»

«ልክ ነው እማማ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ከእንግዲህ...»

«ከእንግዲህ ምን? ሩዝ ልጨምር?»

«ትንሽ።»

ጨመረችለት። በላ። እንደገና ሞከረ፤ ሌላ ዓሣ ተጨመረለት። በራሱ ተናደደ። አንዲት አሮጊት ፊት ምላሱ የሚተሳሰር ምን ዓይነት ወንድ ነው?

በመጨረሻ ካናክላታ ማራገቢያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ኒሩፓም፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ይዘዙኝ።»

«ለከርሞ አትምጣ።»

ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ። ሊናገር የመጣው ይህንኑ ነበር። ያለ ድካም፣ ያለ ኀፍረት፣ በሌላ ሰው አፍ ተነገረለት። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ከቤት እንደተባረረ ሰው ሆዱ ባባ፤ ለምን እንደሆነም አልገባውም።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። በዚህ በር በገባህ ቁጥር ከኋላህ ሼፋሊ የምትከተል ይመስለኛል። አማች ብቻውን አይመጣማ፤ ልጅ ናት የምታመጣው። እያየሁ እቀራለሁ። አልቻልኩም ልጄ። እስካሁንም የጠራሁህ አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«እኔም እኮ የመጣሁት እርስዎ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው!»

ተያዩ። ካናክላታ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገች።

«በል ተነሣ። ክሪሽናናጋር ያለችው አማትህ በጾም ትጠብቅህ የለም እንዴ?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማላቲ የማታውቀው ነገር አለ?»

ተነሥቶ መሄድ ነበረበት፤ የባቡሩም ሰዓት ደርሷል። እሱ ግን እጁን እንኳ ሳይታጠብ ቁጭ አለ። ሼፋሊ የለች፤ አማትነቱ አልቋል፤ ታዲያ ይህች ሴት ምኑ ናት? ምኑም ካልሆነች ለምን እንዲህ ያመዋል?

«እናቴ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አለ። ይህን ደግሞ ፈጽሞ አልተለማመደውም። «ከእርስዎ ሌላ እናት የለኝም።»

ካናክላታ ማራገቢያውን ወደ ጎን አድርጋ ተነሣች። ከዚያ ያመጣላትን ሳሪ አንሥታ ወደ ከረጢቱ መለሰችው።

«ለእርስዎ እኮ ነው!»

«ስጦታ ይዞ፣ ተጠርቶ የሚመጣው አማች ነው። ልጅ እጁን እያወዛወዘ ነው የሚመጣ፤ ሲርበው።»

«ሚስቱስ?»

«የልጅ ሚስት ምራት ናት። ምራት ኖራኝ አታውቅም» አለችና ሳህኑን አንሥታ ገባች።

ክሪሽናናጋር ሲደርስ ቀኑ ተጋምሶ አልፏል። ቱሊካ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ በመጀመሪያ ያረፈው እጁ ላይ ነው።

«እናቴ ገና ክር አላሰረችልህም። ይህን ማን አሰረልህ?»

ለካስ ክሩን ሳይፈታ ነው የመጣው። መዋሸት አማረው፤ ግን ምን ብሎ? ሁሉንም ነገራት፤ ደንበኛ እንዳልነበረ፣ ዓሣውን፣ የተመለሰውን ሳሪ፣ ካናክላታ ያለችውን አንድም ሳያስቀር።

ቱሊካ ክሩን በጣቷ ያዝ አደረገች። ከውስጥ እናቷ «አማቼ መጣ እንዴ?» እያለች ትጣራለች።

«ስማ» አለች ቱሊካ። «አባቴ ይህን ሰው አግቢው ያለኝ አማት የለብሽም ብሎ እኮ ነው!»

ኒሩፓም ፊቷን አየ። መቆጣቷ ይሁን መሳቋ አልለይ አለው። እሷ ከረጢቱን ከእጁ ነጠቀች፤ ካናክላታ የመለሰችውን ነጩን ሳሪ መዝዛ አወጣችና ብብቷ ስር ሸጎጠችው።

«እሑድ እንሄዳለን። እጅህን እያወዛወዝክ ና፤ ይህን የምሰጣት እኔ ነኝ። አልቀበልም ካለችኝ ግን እዚያው እንጣላለን፤ አማትና ምራት አይደለን?»