የአራተኛው እጥፍ ተራ

ኃላፊዋ መቁረጫው ማሽን ጀርባ ቆማ ወረቀት የምትቆጥር መሰለች እንጂ አንዲትም አልቆጠረችም። ዓይኗን የተከለችው አጣፊዎቹ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ማተሚያ ቤቱ የያዘው ልቦለድ ቀጭን ነው፤ አራት ትልልቅ ወረቀት ታጥፎ ይወጣል፣ እያንዳንዱ እጥፍ አሥራ ስድስት ገጽ። አራት ሴቶች አንድ አንድ እጥፍ ተከፋፍለው ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ያጥፋሉ። ሰኞ ከመጀመሪያው ክምር አንድ ጎደለ። ማክሰኞ ከሁለተኛው፣ ረቡዕ ከሦስተኛው። ይሄማ ለሞኝም ግልጽ ነው፤ አንዷ ሙሉ መጽሐፍ እየሰበሰበች ነው። ገበያ ሳይወጣ አባዝቶ የሚቸበችብ ደግሞ ሞልቷል።

«እስከ ምሳ ሌባዋን አምጪልኝ፣» ብሏታል አለቃው። «ካልሆነ አንቺው ትሄጃለሽ።»

ሁሉንም ጠረጠረች። ቀልደኛዋ ዛሬ ሳቅ አብዝታለች፤ ምን ልትሸፍን ነው? ወፍራሟ ለምን ሁለቴ ወጣች? «ዝምታ» የሚሏት ደግሞ ከተቀጠረች አሥር ቃል አልተናገረችም። እንዲህ ዓይነቷ ናት ጉድ የምትሠራ!

የምሳ ደወል ሲጮኽ ሦስቱ እየተንጫጩ ወጡ። ዝምታ ሽርጧን ስታወልቅ ዘገየች። እጇ ወደ አራተኛው ክምር ላፍ ብሎ ተመለሰ።

ኃላፊዋ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ደረሰችባት።

«ቦርሳሽን ክፈቺ!»

ልጅቷ አመድ መሰለች። «እትዬ፣ በሞቴ…»

«ክፈቺ አልኩሽ! ለማን ነው የምትሸጪው?»

ሦስቱ እጥፎች በክር ተሰፍተው፣ አራተኛው ለብቻው ወጡ። «ይኸው! ጭራሽ ጠርዘሽዋል!»

«ለራሴ ነው እትዬ። የኔ ድርሻ ሁለተኛው እጥፍ ነው። መጨረሻ ገጹ ሁሌ ከላይ ይውላል፤ ስምንት ቀን ሙሉ እሱኑ ሳነብ ዋልኩ። እንቅልፍ ነሳኝ።»

«ምን ቢል ነው?»

«ከአያቶች የወረደች መንኮራኩር አለች፤ ሰማይ የምትወጣው አብራሪዋ የሰባት አያቶቿን ስም ስትጠራላት ብቻ ነው። አብራሪዋ ግን ተጥላ የተገኘች ናት። ‹የማን ልጅ ነሽ?› ትላታለች መንኮራኩሯ። እዚያ ላይ ገጹ ያልቃል።»

ኃላፊዋ አላመነቻትም። ስንቱ ነው እንዲህ አንጀቷን እየበላ ያታለላት! የተሰፋውን ቀማ አድርጋ የሁለተኛውን እጥፍ መጨረሻ አየች። የመጨረሻው መስመር እውነትም «የማን ልጅ ነሽ?» ይላል። ወይ ጉድ! እሷ ራሷ ስምንት ቀን ስትቆጥረው አንድ መስመር እንኳ አላነበበችም።

«ሦስተኛው እጥፍ ላይስ?»

«ስም ልትለምን ቤት ለቤት ትዞራለች። ማንም አያውሳትም።»

«ታዲያ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«እርስዎን? ቁራጭ ወረቀት ስለጣልኩ ሳምንት አኩርፈውኝ?»

ኃላፊዋ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ከዚያ ልጅቷ የተቀጠረችበት ቀን ትዝ አላት። ቅጹ ላይ «የቅርብ ዘመድ» የሚለውን ልጅቷ ባዶ ትታው ነበር። ኃላፊዋ በሰው ፊት «ምነው፣ ሰው የለሽም እንዴ?» ብላ ጮኻባት ነበር። ኃላፊዋ አሁን አፈረች፤ ፊቷ ጋለ።

«አገኘሻት?» አለ አለቃው ከኮሪደሩ ጫፍ። የጫማው ኮቴ ይሰማል።

ኃላፊዋ ከኪሷ የተበላሸ ወረቀት የሚመዘገብበትን የብልሽት ቅጽ አወጣች። ግድግዳው ላይ አስደግፋ «አራት እጥፍ» ብላ ሞላች። «ያበላሸው ሠራተኛ» በሚለው ላይ ብዕሯ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ የራሷን ስም ጻፈች።

አራተኛው እጥፍ ጠርዙ ገና አልተቆረጠም፤ ገጾቹ እንደተያያዙ ናቸው። የወረቀት ቢላዋዋን ለልጅቷ አቀበለቻት።

«ቶሎ ቅደጂው፣» አለቻት በሹክሹክታ። «ሰውዬው ሳይደርስ አብራሪዋ ምን ብላ እንደመለሰች ንገሪኝ።»