ሃያ ሦስት ከግማሽ

ነርሷ ትርሲት ሜትሩን በሕፃኑ ሆድ ዙሪያ አሳልፋ ለካች፤ ደግማም ለካች። እናቱ ባሂራ ከቁጥሩ በፊት የነርሷን ፊት አየች።

«ትናንት ሃያ ሁለት ሴንቲሜትር ነበር። ዛሬ ሃያ ሦስት ከግማሽ ሆኗል።»

ልጁ በሰባት ወሩ ነው የተወለደው፤ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ። አባቱ ኡበይድ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ሆስፒታል ድረስ በበረዶ ውስጥ አድርጎ ያመጣውን ዱቄት፣ ትርሲት በየጠዋቱ በባሂራ ወተት በጥብጣ በቱቦ ትሰጠዋለች። «ጥሩ ባክቴሪያ ነው፤ አንጀቱ እንዳይቆስል ይጠብቅልናል። ሌላ ነገር ግን በአፉ እንዳይዞር» ብላ አስጠንቅቃ ነበር።

ይህ ነገር ያልተዋጠላቸው የባሂራ አማት ከድጄ ናቸው። «ከፋብሪካ የመጣ ጀርም ተፈቅዶ የገዛ ላሜ ቅቤ ይከለከላል? አባቱም ያደገው በሱ ነው» ብለው፣ ትናንት ቀትር ላይ በእንሰት ቅጠል የጠቀለሉትን ቅቤ አቀበሏትና በሩ ላይ ቆሙ። ባሂራ በጣቷ ጫፍ አስላሰችው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቷን ጠባ። ደስ ብሏት ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

«በአፉ የገባ ነገር አለ?» አለች ትርሲት።

እንዲህ ያለውን ሆድ ይፍጀው ይባላል። አሁን ግን የሚፈጀው የማንን ሆድ ነው? ባሂራ ከተናገረች ዳግመኛ ወደ ልጇ የሚያስጠጓት አልመሰላትም።

«እኔ ነኝ» አሉ ከድጄ ከበሩ። «ቅቤ አስላስኩት። እሷ አታውቅም፣ ወላሂ።»

ባሂራ ዞር ብላ አየቻቸው። በሐሰት ሲምሉ ሰምታቸው አታውቅም። ዝም ብትል ይበቃ ነበር።

«ጣቱ የኔ ነው፣ ሲስተር» አለች።

ትርሲት አልተቆጣችም፤ ያ ባሂራን ይበልጥ አስፈራት። ቱቦውን ዘጋች፣ ሐኪሙን አስጠራች።

«ሆዱ የተነፋው ከቅቤው ይሁን ከሌላ ገና አናውቅም። ወተቱ ይቆማል። ስድስት ሰዓት ላይ እንደገና እንለካዋለን።»

«ዱቄቱስ?»

«እሱም ይቆያል።»

ሐኪሙ አይቶት ሄደ፤ እሱም ያለው እንጠብቅ ነው። ባሂራ ከማሞቂያው አጠገብ ሳትቀመጥ አረፈደች። ከድጄ ኮሪደሩ ላይ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቅጠሉ አሁንም በነጠላቸው ጫፍ እንደተቋጠረ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ትርሲት ሜትሩን ይዛ መጣች።

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ሦስቴ።»

«እንግዲያው ጫፉን ያዢልኝ።»

ባሂራ ያንኑ ጣቷን እምብርቱ አጠገብ አኖረች። ሜትሩ በልጁ ጀርባ ዞሮ ጣቷ ላይ ደረሰ። ትርሲት ለማንበብ ጎንበስ አለች።