በስማቸው የተሰየመው ከተማ

ቱን ኢድሩስ ወደ ሆቴሉ የሄዱት ፈልገው አልነበረም። ልጃቸው ሱራያ፣ "አባባ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው እምቢ ይባላል?" ስላለቻቸው ነው።

ሰውዬው ካማሩዲን ይባላል። ቱን ኢድሩስ ማሌዥያ ውስጥ የአንዲት ግዛት አገረ ገዥ በነበሩ ጊዜ ጸሐፊያቸው ነበር፤ አሁን የዚያችው ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆኗል። የላከው መልእክት፣ "ለስብሰባ ለንደን እመጣለሁ፣ እርስዎን ሳላይ ብመለስ ቅር ይለኛል" ይላል። እንዲህ ብሎ የሚልክ ሰው የሚፈልገው ነገር እንዳለ ቱን ኢድሩስ ያውቃሉ፤ እሳቸውም በዘመናቸው እንዲህ እያሉ ልከዋል።

ከልጃቸው ጋር ከሚኖሩበት የለንደን ሰፈር፣ ከፊንስበሪ ፓርክ፣ የወሰዳቸው አኑዋር ነው። አኑዋር የደሴ ልጅ ነው፤ በደርግ ጊዜ ከአገሩ ወጥቶ፣ ለንደን ውስጥ ሚኒካብ የሚባለውን ታክሲ ሲነዳ ጠጉሩ ሸበተ። ከሱራያ አፓርታማ በታች ይኖራል፣ ዓርብ ዓርብ ከቱን ኢድሩስ ጋር መስጊድ ይሄዳል። "ቱን" ማለት ትልቅ ማዕረግ መሆኑን ሱራያ ነግራዋለች። እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ሐጂ" ነው የሚላቸው። ቱን ኢድሩስም ይህን ይወዱለታል።

"እዚሁ አካባቢ ፓርክ አድርጌ እጠብቅዎታለሁ" አላቸው ሆቴሉ በር ላይ ሲያወርዳቸው። "ከሰለቹ ይደውሉልኝ፣ ሰው ሞተ ብዬ መጥቼ አወጣዎታለሁ።"

ቱን ኢድሩስ ሳቁ። ከሳቁ ሰንብተው ነበር።

የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናቸው። ከመንደራቸው መጀመሪያ አስተማሪ የሆኑት እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ ፖለቲካ ጠራቸው። በጀልባ ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ እየተናገሩ ምክር ቤት ገቡ፤ ኋላም የግዛቷ የመሬት ጉዳይ ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ወንበር ላይ ሳሉ አንድ ባለሀብት ባሕሩን በአሸዋ ደልድሎ ከተማ ልሥራ ብሎ መጣ። የሚደለደለው የመንደራቸው ዳርቻ ነበር። "እኔ እያለሁ አይሆንም" አሉ፤ ለዓመታትም አስቆሙት።

ፓርቲያቸው አልተጣላቸውም። ይልቅስ ሾማቸው። ሱልጣን በሌላቸው አራቱ የማሌዥያ ግዛቶች በሱልጣን ፈንታ አገረ ገዥ ይቀመጣል። ቤተ መንግሥት ይሰጠዋል፣ የክብር ዘብ ይቆምለታል፣ እሱም የቀረበለትን ይፈርማል፣ የተጻፈለትን ያነባል። ሹመቱ ሲነገራቸው ባለቤታቸው አለቀሰች። ዘመድ ሁሉ የደስታ እንባ መስሎት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ምክር ቤቱን ሲከፍቱ፣ በተሰጣቸው ንግግር መሐል ያ የባሕር ድልደላ ተፈቅዶ አገኙት። አነበቡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ታናሽ ወንድማቸው ሳሌህ፣ የአባታቸውን ጀልባ የወረሰው፣ አነጋግሯቸው አያውቅም። ዘመናቸው ሲያበቃ፣ ባለቤታቸውም ስትሞት፣ ሱራያ ዘንድ መጡ። ማንም እንዳያውቃቸው ፈልገው ነበር፣ ለንደንም አላወቀቻቸውም፤ ያ ለጊዜው ዕረፍት መስሏቸው ነበር።

ሆቴሉ ውስጥ ካማሩዲን ከመቀመጫው ተነሥቶ እጃቸውን ሳመ። ወፍሯል። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሱራያ ጠየቀ። ሻይ መጣ። ከዚያ ታብሌቱን አውጥቶ ፎቶ አሳያቸው፤ ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ሰፊ መንገድ፣ በመንገዱ መግቢያ ላይ ገና በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ሰሌዳ።

"ከተማው አልቋል፣ ቱን። በሚያዝያ ይመረቃል። ካቢኔው በአንድ ድምፅ በእርስዎ ስም እንዲሰየም ወስኗል። መጥተው ሪባኑን ቢቆርጡልን ብለን ነው።"

ቱን ኢድሩስ ፎቶውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ዛፍ፣ ድንጋይ፣ የጀልባ ማሰሪያ፣ የሚያውቁት ነገር ቢያገኙ ብለው ነበር። የለም።

"የመንደሩ ሰዎች የት ገቡ?"

"ቤት ተሰጥቷቸዋል። ከኋላ ያሉት ፎቆች የእነሱ ናቸው። ውኃ አላቸው፣ መብራት አላቸው።"

"ባሕሩስ?"

ካማሩዲን ታብሌቱን ወደ ራሱ ሳበ። "ትንሽ ራቅ ብሏል" አለ።

"ካማሩዲን፣ እኔ አልመጣም። ስሜንም አታድርጉት። ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ለመቆጣት እንኳ አቅም ያስፈልጋል። ካማሩዲን አንገቱን ደፋ፤ ያፈረ ይመስል ነበር፤ ምናልባትም ከልቡ አፍሮ ይሆናል።

"ቱን፣ ስያሜው በጋዜጣ ወጥቷል። በሕጉ የእርስዎ ፈቃድ አያስፈልግም። እኔ የመጣሁት ለአክብሮት ነው።"

ቱን ኢድሩስ ሻያቸውን አነሡ። ቀዝቅዟል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዎች ፊርማቸውን ሲለምኗቸው ኖረዋል፤ ዛሬ አንድ ጊዜ አልፈርምም ቢሉ ለካስ የጠየቃቸው የለም። ኩባያውን መልሰው አስቀመጡ።

"በርቱ እንግዲህ" አሉ፤ ምርኩዛቸውንም ይዘው ተነሡ።

ውጭ ይዘንባል። አኑዋር በሩን ከፈተላቸው፣ ቀበቶውን አሰረላቸው። መንገዱን እያየ ብዙ ነዳ። መብራት ሲይዛቸው ግን አላስቻለውም።

"ክፉ ነገር ነገሩዎት?"

"ከተማ በስሜ ሰየሙልኝ።"

አኑዋር በመስተዋቱ አያቸው። "እንኳን ደስ ያለዎት ልበል ወይስ ልተወው?"

"ተወው።"

ነገሩን በአጭሩ አጫወቱት። እሱም እያዳመጠ ነዳ፤ ካምደንን ካለፉ በኋላ፣ "ታዲያ እምቢ ማለትዎን ወንድምዎ ያውቃል?" አላቸው።

"ከየት ሊያውቅ?"

"ስልኩ አለዎት?"

"አለኝ። አያነሣም።"

"ይሞክሩታ። እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

እዚያ መሽቷል፤ ሳሌህ የምሽቱን ሶላት፣ መግሪብን፣ ሰግዶ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። አኑዋር ዳር ይዞ ቆመና፣ ውኃ ልግዛ ብሎ ወረደ። ውኃ ግን መኪናው ውስጥ ነበረው።

ስልኩ ብዙ ጠራ። ሊዘጉት ሲሉ ተነሣ።

"ማነው?"

"ኢድሩስ ነኝ።"

ከወዲያ ቴሌቪዥን ይሰማል።

"ከተማውን በስሜ ሊያደርጉት ነው፤ እምቢ አልኩ" አሉ ቱን ኢድሩስ። "ግን ያደርጉታል።"

"ሰምቻለሁ።" የሳሌህ ድምፅ አርጅቷል። "ያን ንግግር ያነበብክ ቀን ቤቴ ሰው ሞልቶ ነበር። 'ወንድምህ ያስቀርልናል' እያሉኝ። ቴሌቪዥኑን ከበን ተቀመጥን። አነበብከው፣ ኢድሩስ። አንዴ እንኳ አልተደናቀፍክም።"

ቱን ኢድሩስ ሰበብ ነበራቸው። የተሰጣቸው ወረቀት ነበር፣ ሕጉ ነበር፣ ወንበሩ ነበር፤ ሁሉንም ለራሳቸው ሲደጋግሙት ኖረው ሰልችቷቸዋል።

"እውነትህን ነው" አሉ።

ሳሌህ ሌላ መልስ ሲጠብቅ ቆይቶ ይመስላል፣ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። "ዛሬ ደክሞኛል" አለ። "ሌላ ቀን ደውል።"

ሌላ ቀን ደወሉ፤ አልተነሣም። በሳምንቱ ደወሉ፤ ተነሣ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ጥቂት ተነጋገሩና ተዘጋ። እንደዚያ የብርዱ ወራት አለፉ። የወንድማማች እርቅ የሚሉት ነገር አልሆነም፤ ሁለት ሽማግሌዎች አልፎ አልፎ መደዋወል ጀመሩ እንጂ።

ከተማው በሚያዝያ ተመረቀ። ሪባኑን ካማሩዲን ቆረጠ። ያን ዕለት፣ እዚያ ከቀትር በኋላ ለንደን ግን ገና ጠዋት ሆኖ፣ ቱን ኢድሩስ አልጋ ላይ ሳሉ ስልካቸው ጮኸ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሳሌህ ራሱ ሲደውል የመጀመሪያው ነበር።

"ሙዚቃቸው እዚህ ፎቅ ድረስ ይሰማል" አለ። "የቀትር እንቅልፌን ከለከሉኝ።"

"መስኮቱን ዝጋው።"

"ዘግቼዋለሁ።"

ከዚያ ሳሌህ በቅርቡ ስለ ሸጣት ጀልባ አነሣ፤ ገዢው ሞተሯን እንዴት እንዳበላሸ ነገራቸው። ቱን ኢድሩስ ትራሳቸውን አስተካክለው ተኙና፣ ሙዚቃው እስኪያልቅ አዳመጡት።